ከሠረገላው ላይ የሚቀመጥ ሰው

(ከዚህ በታች የቀረበው በድርጅታችን ዓመታዊ የደጋፊዎች ጉባኤ ላይ ከልማት ክፍል ሠራተኞቻችን አንዱ ያደረገው ንግግር ነው። በጉባኤው ላይ ለመገኘት ያልቻሉ ደጋፊዎቻችን እንዲያነቡት ሙሉውን አትመነዋል። አዘጋጁ።)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ኮምፒዩተር ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች» የሚል ነው። ብዙ ቁጥር ይዤ እንድመጣ የተጠበቀ ይመስለኛል። ስንት ኮምፒዩተር ሰጠን፣ ስንት ትምህርት ቤት ደረስን፣ ስንት ተማሪ ተጠቀመ የሚለውን ማለት ነው። እኔ ግን ቁጥሩን ትቼ በአንድ ፎቶግራፍ እጀምራለሁ።

ከሰባት ዓመት በፊት በዚሁ ዜና መጽሔታችን የፊት ገጽ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ወጥቶ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል። ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ የወረዳ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሃያ አምስት ኮምፒዩተሮች በረድፍ ተደርድረው፣ ተማሪዎች እያጨበጨቡ፣ እንግዶች ሪባን ሲቆርጡ ያሳያል። ከሪባኑ በስተ ቀኝ ቆሞ የሚስቀው ወጣት እኔ ነኝ። ያ ፎቶግራፍ ብዙ ደጋፊዎችን አስደስቷል፤ በዚያ ዓመት ለዚህ ሥራ የመጣው ስጦታም ጨምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስለዚያ ትምህርት ቤት በመጽሔታችን ላይ አንድም ቃል አልወጣም። ዛሬ የምናገረው ያን ያልወጣውን ነው።

ይህን በእናንተ ፊት ልናገር ብዬ የክፍላችንን ኃላፊ ሳስፈቅዳቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ገንዘቡን የሰጠ ሰው እውነቱንም ማወቅ ይገባዋል። ተናገር» አሉኝ። ስለዚህ እናገራለሁ።

የተቆለፈው ክፍል

ኮምፒዩተሮቹን ካስረከብን ከአሥራ አራት ወር በኋላ በዚያ በኩል ለሌላ ሥራ ሳልፍ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ አልኩ። በኮምፒዩተሩ ክፍል በር ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። መክፈቻው ያለው ከንብረት ክፍል ኃላፊው ዘንድ ነው አሉኝ። ኃላፊው በዕድሜ የገፉ ትሑት ሰው ናቸው። መጥተው ከፈቱልኝ። ኮምፒዩተሮቹ እኛ እንደ ደረደርናቸው ተደርድረዋል። እኛው ያለበስናቸው የፕላስቲክ ሽፋን እንኳ አልተነሣም። በላዩ የተኛው አቧራ ግን ጣት ሲያስኬዱበት መሥመር ያወጣል።

«ጋሼ፣ ለምን ተዘጋ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በእኔ ስም ተመዝግቧል» አሉኝ። «አንድ ነገር ቢጎድል ዕዳው የእኔ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። በሰላም አስረክቤ መውጣት እፈልጋለሁ።»

እኒህ ሰው ክፉ አልነበሩም፤ ሰነፍም አልነበሩም። እንዲያውም ከሁላችን ይልቅ ኃላፊነት የተሰማቸው እሳቸው ናቸው። ጠብቁ ተባሉ፤ ጠበቁ። ለተማሪዎች ክፈቱላቸው ያላቸው ሰው ግን አልነበረም። ቢከፍቱስ ማን ያስተምራል? ኮምፒዩተር እንዲያስተምር የተመደበው መምህር ገና በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሄዷል። በእርሱ ምትክ የመጣም የለም።

ከሃያ አምስቱ ዘጠኙ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተቃጥለው ኖሯል። ኮምፒዩተሮቹ ከአሜሪካ የመጡ ያገለገሉ ዕቃዎች ናቸው። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን በእኛ አገር 220 ነው። በእነዚያ ኮምፒዩተሮች ጀርባ፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል የተጻፈባት ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለች። እርስዋን ገፋ አድርጎ ወደ 230 ማዞር አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። እኛ አሥራ ስድስቱን አዙረን ዘጠኙን ዘለልን። በምረቃው ዕለት ይህ አልታወቀም። ለምን ቢባል በዚያ ቀን በከተማዋ መብራት ስላልነበረ አንድም ኮምፒዩተር አልበራም። ፎቶግራፉ ይህን አያሳይም።

ከክፍሉ ስወጣ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በመስኮቱ አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያመጡልን?» አለችኝ።

«አዎን» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥልን። በመስኮት እናያቸዋለን» አለችኝ።

አልወቀሰችኝም፤ እያመሰገነችኝ ነበር። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ስንዴና የውኃ ፓምፕ

ስሕተታችን ምን ነበር? ልባችን ቀና ነበር። ገንዘቡ በታማኝነት ወጥቷል፤ ደረሰኙም ሁሉ አለ። ስሕተታችን ኮምፒዩተርን እንደ ስንዴ መቁጠራችን ነው።

ብዙዎቻችሁ ከዚህ ሥራ ጋር የተዋወቃችሁት በእርዳታ እህል በኩል ነው። ስንዴ ለተራበ ቤተ ሰብ ሲደርስ የሰጪው ሥራ በአብዛኛው ተፈጽሟል። እናቲቱ መፍጨቱንና መጋገሩን ከእኛ መማር አያስፈልጋትም። ኮምፒዩተር ግን ከካርቶኑ ሲወጣ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። መብራት ይፈልጋል፤ ከአቧራ መጠበቅ ይፈልጋል፤ በፍላሽ ከሚዛመት ቫይረስ መጠበቅ ይፈልጋል፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ከልጁ ጎን ተቀምጦ «እዚህ ጋ ንካ፤ አሁን ደግሞ ይህን አንብብ» የሚለው ሰው ይፈልጋል። ገበሬ አባቶቻችን ይህን ያውቁታል። በሬ የሚሰጥ ሰው ሣሩንም እረኛውንም አብሮ ያስባል።

የውኃ ሥራ ክፍላችን ይህን ቀደም ብሎ ተምሮታል። በየገጠሩ የእጅ ፓምፕ ተተክሎ፣ አንዲት ጎሚኒ ስታልቅ የሚቀይራት ጠፍቶ፣ ሴቶች በቆመው ፓምፕ አጠገብ እያለፉ ወደ ወንዝ ሲወርዱ አይተናል። ስለዚህ ዛሬ የውኃ ኮሚቴ ሳይመረጥ፣ ጥገና የሚያውቅ ሰው ሳይሠለጥን፣ መለዋወጫ ሳይዘጋጅ ጉድጓድ አንቆፍርም። ወደ ትምህርት ቤት ስንገባ ግን ይህን ሁሉ ረሳነው። ዕቃው ስለ ተራቀቀ ራሱን በራሱ የሚያስተምር መሰለን።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የሚል ታላቅ አሳብ ይዘው ተነሡ። ዋጋው 100 ዶላር ይሆናል ተባለ፤ ሲመረት ግን ወደ 190 ዶላር ተጠጋ። ፀሐይ ላይ የሚነበብ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ የማይፈጅ፣ ለልጆች የተሠራ መልካም መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአገራችንም በሺዎች የሚቆጠሩ ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተሰጥተዋል።

ከሁሉ አገር ይልቅ ብዙ የገዛችው ፔሩ ናት፤ ከ800 ሺህ በላይ አከፋፈለች። ከዚያ የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ጥናት አድርጎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አወጣ። መሣሪያው በተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች ለእያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ በላይ ኮምፒዩተር ደርሶ ነበር። ሆኖም በሒሳብም በቋንቋም ትምህርት ካልተሰጣቸው ትምህርት ቤቶች በልጠው አልተገኙም። አብዛኞቹ ኢንተርኔት አልነበራቸውም፤ መምህራኑም መሣሪያውን ከዕለት ትምህርታቸው ጋር እንዴት እንደሚያያይዙት በበቂ አልሠለጠኑም ነበር።

በዚያው በ2012 ደግሞ ከእኛ አገር የወጣ አንድ ዜና በዓለም ሁሉ ተሰማ። ይኸው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ታብሌት በታሸገ ካርቶን አስቀምጦ፣ ያለ አስተማሪ ምን እንደሚያደርጉ ተከታተለ። አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ መሣሪያውን አበራው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይዘምሩ ጀመር። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተው መጠቀም ቻሉ። የኢትዮጵያ ልጆች አእምሮ ምን እንደሆነ ስለ መሰከረ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚህ ዜና ብዙ ሰዎች የያዙት ግን «አስተማሪ አያስፈልግም፤ ካርቶኑን አኑሮ መሄድ ይበቃል» የሚለውን ነው። በዚያ መንደር ለጎልማሶቹ በፀሐይ ኃይል መሣሪያውን መሙላት ተምረው እንደ ነበር፣ በየሳምንቱም አንድ ባለሙያ እየመጣ የመረጃ ካርዶቹን ይቀይር እንደ ነበር ብዙ ሰው አላስተዋለም። ሰው የሌለበት በተባለው ሥራ እንኳ በየሳምንቱ ተራራውን የሚወጣ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ስለ ራሴም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2004 መንግሥት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲጀምር እኔ ከተማሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሥዕሉ ያምራል፤ በዚያ ጊዜ በከተማችን እንደዚያ ያለ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አልነበረም። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ የሚይዘውም ቴሌቪዥኑ ነው። መምህራችን በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸውና ሌላውን ጊዜ ከእኛ ጋር ወደ ግድግዳው ሲመለከቱ ይቆያሉ። የቴሌቪዥኑ መምህር «ገባችሁ?» ብሎ ይጠይቅና መልሳችንን ሳይሰማ ወደሚቀጥለው ያልፋል። መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ትምህርት አለፈ። እኔ ያወቅኋትን ጥቂት ፊዚክስ ያወቅሁት መምህራችን በዕረፍት ሰዓት በጠመኔ ደግመው ስላስረዱን ነው።

ተስፋ ለማስቆረጥ ይህን አልተናገርኩም። የተሻለም አለ። ኡራጓይ የምትባል ትንሽ አገር እ.ኤ.አ. በ2007 ቪያ ካርዳል በምትባል ከተማ ጀምራ፣ በ2009 በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላሉ ተማሪዎች ሁሉ ላፕቶፕ አዳረሰች። እዚያም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በንባብና በሒሳብ ውጤት ላይ ለውጥ አልታየም። ነገር ግን ሥራውን ትተው አልሄዱም። ትምህርት ቤቶቹን ከኢንተርኔት አገናኙ፤ የጥገና ሥራ አደራጁ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ወደየትምህርት ቤቱ ተሰማሩ። በኋላም የእንግሊዝኛ መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት ከሩቅ ሆኖ በቪዲዮ የሚያስተምር መምህር መደቡ። በዚያም ጊዜ የክፍሉ መምህር ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል፤ ከሩቁ መምህር ጋር ተባብሮ ያስተምራል እንጂ እንደ እኛ መምህር ከግድግዳው አጠገብ አይቆምም።

ጃንደረባው ምን ጎደለው?

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ለወንጌል ስብከት ምሳሌ አድርገን ደጋግመን ተምረነዋል። ከዚያ የተቆለፈ ክፍል ከተመለስኩ በኋላ ግን ያን ምዕራፍ እንደ አዲስ አነበብኩት።

ያ ሰው ምን ጎደለው? ሠረገላ አለው። በዚያ ዘመን በጥቂቶች እጅ ብቻ የሚገኝ የነቢዩ የኢሳይያስ መጽሐፍ አለው። ማንበብ ይችላል፤ የመማር ፍላጎትም አለው፤ እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ ተጉዟል። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር መሣሪያው ሁሉ ተሟልቶለታል። ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ ሲጠይቀው ግን፣ የሚመራው ሰው ከሌለ እንዴት እንደሚችል መልሶ ጠየቀውና ወጥቶ ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስም ሌላ መጽሐፍ አልጨመረለትም። ሮጦ ደረሰበት፤ ወጣ፤ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ካነበበበት ቦታም ጀመረለት።

ወገኖቼ፣ እኛ ያን ጊዜ ሃያ አምስት ሠረገላ ልከን አንድም ፊልጶስ አልላክንም።

አሁን እንዴት እንሠራለን?

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ለወጥን። ቀድሞ የምንጀምረው ከዕቃው ነበር፤ አሁን ከሰው እንጀምራለን።

መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ሁለት መምህራን ይመርጣል፤ ከተቻለ አንዷ ሴት እንድትሆን እንጠይቃለን። ሁለት የምንለው አንዱ ቢዛወር ሥራው እንዳይቆም ነው። እነዚህ በክረምት ሠልጥነው ሳይመለሱ አንድም ዕቃ አይሄድም። ሥልጠናቸው ኮምፒዩተሩን ስለ መክፈትና ስለ መዝጋት ብቻ አይደለም። የባዮሎጂ መምህር ስለ ልብ ሲያስተምር፣ የጂኦግራፊ መምህር ስለ ስምጥ ሸለቆ ሲያስተምር በምን እንደሚጠቀሙበት ይለማመዳሉ።

ሁለተኛ፣ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከትምህርት ቤቱና ከወላጅ መምህር ኅብረት ጋር አንድ ገጽ ስምምነት እንፈርማለን። በዚያ ስምምነት በትምህርት ላይ ሳለ የተበላሸ ዕቃ የማንም ዕዳ አይሆንም ተብሎ ተጽፏል። ክፍሉ በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍት እንደሚሆንም ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፋል። ከመሣሪያው ሁሉ ይልቅ በር የከፈተልን ይህ አንድ ወረቀት ነው።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩን ቀንሰን ጥራቱን ጨመርን። ትልልቁን ኮምፒዩተር ትተን ላፕቶፕ እንሰጣለን። ሃያ አምስት ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ከነስክሪናቸው አንድ ላይ ሲበሩ ለሁለት አምፑል ተብሎ የተዘረጋው የክፍሉ ሽቦ አይችላቸውም። ላፕቶፕ ግን ጥቂት ኃይል ይበቃዋል፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ትምህርቱን ያስጨርሳል። አሥር ላፕቶፕ እንሰጥና ሁለት ሁለት ሆነው ይማራሉ። ሁለት ልጆች በአንድ መሣሪያ ሲቀመጡ አንዱ ለሌላው ሲያስረዳ አይተናል።

አራተኛው ኔትዎርክ ነው። ኔትዎርክ ሲባል ብዙ ሰው ኢንተርኔትን ብቻ ያስባል። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉትን ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ ማገናኘትም ኔትዎርክ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ወርኀዊ ክፍያ የለበትም። በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ አነስተኛ ሰርቨር እናስቀምጣለን። በእርሱ ውስጥ የመማሪያ መጻሕፍቱ፣ ኪዊክስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የሚነበበው ዊኪፔዲያ፣ ኮሊብሪ በተባለው ደግሞ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶች ተጭነዋል። እነዚህ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የመስመር መቋረጥ አያቆማቸውም። ሠራተኛችን ለጉብኝት ሲሄድ አዲሱን በሃርድ ዲስክ ይዞ ይሄዳል።

በዚህም ሥራ አንድ ነገር አየን። በአማርኛው ዊኪፔዲያ ያለው ጽሑፍ 15 ሺህ ያህል ሲሆን የእንግሊዝኛው በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ልጆቹ ስለ ከተማቸው ፈልገው ሲያጡ፣ በአንድ ትምህርት ቤት መምህርታቸው «እንግዲያስ እናንተ ጻፉት» አለቻቸው። ሽማግሌዎችን ጠይቀው፣ ስለ ገበያው አጀማመርና ስለ ድልድዩ አሠራር በአማርኛ ተይበው በሰርቨሩ ላይ አኖሩት። ከዓመት በኋላ የመጡት ተማሪዎች መጀመሪያ የሚከፍቱት ያን ገጽ ሆነ።

አምስተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሠራተኛችን በየወሩ ይጎበኛቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ለአንድ ትምህርት ቤት ከምናወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለዕቃ አይደለም፤ ለሥልጠና፣ ለጥገናና ለጉብኝት ነው። በዚህም ምክንያት የምንደርስባቸው ትምህርት ቤቶች ቁጥር ቀንሷል። በሪፖርታችን ላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ስታዩ ምክንያቱ ይህ መሆኑን እንድታውቁልን እለምናለሁ።

ሦስት ጥያቄዎች

በየአብያተ ክርስቲያናቱ ስዞር ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡልኛል።

የመጀመሪያው፣ «ሕዝብ እየተራበ ኮምፒዩተር ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለተራበ ልጅ እንጀራ ይቀድማል፤ የእህል እርዳታውን ገንዘብ ለዚህ ሥራ አንነካም። ኮምፒዩተር የትምህርትን ችግር ሁሉ ይፈታል ብዬም አልዋሽም። እ.ኤ.አ. በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህ የደረሰው ኮምፒዩተር ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም። መጽሐፍም፣ ዝግጁ መምህርም፣ ሰላምም ጎድሏል። ነገር ግን አንድ አዲስ ነገር መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ይህ ፈተና ለአንዳንዶች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፤ በኮምፒዩተር የሚፈተኑትም እየጨመሩ ናቸው። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ ሒሳቡን እያወቀ እጁ ሊከዳው ነው። ለእርሱ ኮምፒዩተር ትርፍ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

ሁለተኛው፣ «ወንጌሉ የት አለ?» የሚል ነው። በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ተደንግጓል፤ እኛም በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ አንሰብክም። ከተማሪዎቹ መካከል ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም አለ፤ ሁሉም በእኩል ይማራሉ። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው የማን ወገን ነህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ቁስሉን አሰረ። ደግሞም ትቶት አልሄደም። ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ገንዘብ ከፍሎ ስመለስ የጎደለውን እከፍላለሁ ብሎ ተናግሯል። ጉብኝትም ጥገናም ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛው ከወላጆች የሚመጣ ነው፤ «ኢንተርኔቱ ልጆቻችንን አያበላሽብንም ወይ?» ይላሉ። ፍርሃታቸው እውነት ነው። ኢንተርኔት በገባበት ቦታ መጥፎውን የሚያግድ ፕሮግራም እንጭናለን፤ ግን ፕሮግራሙ ብቻውን አይበቃም። ስክሪኖቹ ሁሉ ወደ መምህሩ እንዲዞሩ አድርገን እንደረድራለን፤ ታላቅ ሰው በሌለበትም ክፍሉ አይከፈትም። ልጁን የሚጠብቀው አሁንም አጠገቡ ያለው ሰው ነው።

የምለምናችሁ

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልምጣ። ያገለገለ ኮምፒዩተር ለመስጠት የምታስቡ፣ በተለይም በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ዊንዶውስ 10 ለተባለው ሥርዐት የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ስላበቃ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር እየጣሉ ነው። ከእነዚህ መካከል ሊኑክስ የተባለው ነፃ ሥርዐት ተጭኖባቸው ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግሉ አሉ። ሌሎቹ ግን ለሰጪው ቤቱን ማጽጃ፣ ለእኛ ደግሞ በእርሳስና በመርዛም ነገር የተሞላ ቆሻሻ ናቸው። ልዩነቱን አብረን እንለያለን።

ሁለተኛ፣ ስትሰጡ ለሰውም ስጡ። የአንዲት መምህርት የክረምት ሥልጠና፣ የአንድ ጠጋኝ የአውቶቡስ ዋጋ፣ የባትሪ መቀየሪያ ፎቶግራፍ አይወጣለትም፤ ሪባንም አይቆረጥለትም። ክፍሉን ክፍት የሚያደርገው ግን እርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ሙያው ያላችሁ ወጣቶች በክረምት አንድ ወር ስጡን። ዕቃ ይዛችሁ ባትመጡም ግድ የለም። መጥታችሁ ተቀመጡ።

የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ነገር ሳልጨርስ አልወርድም። ተመልሰን ሄድን። ስሕተቱ የእኛ እንደ ነበር ለርእሰ መምህሩና ለወላጆች ነገርናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅን። ያ አንድ ገጽ ስምምነት ሲፈረም የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ቁልፉን ከዘለበታቸው አውጥተው ለመምህርቲቱ ሰጧትና «አሁን ተኝቼ አድራለሁ» አሉ። ከአሥራ ስድስቱ አሥራ ሁለቱ ተነሡ። ክፍሉ ዛሬም ክፍት ነው።

በመስኮት ታይ የነበረችውን ተማሪ ግን አላገኘኋትም። ክፍሉ ሲከፈት እርስዋ ትምህርቷን ጨርሳ ከከተማዋ ወጥታለች። የት እንዳለች የሚያውቅ አላገኘሁም። ለእርስዋ ዘግይተናል። ከእርስዋ በኋላ ለሚመጡት እንዳንዘገይ ጸልዩልን፤ ከእኛም ጋር ሥሩ።

የሁላችን አባት እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ያቅናልን። አሜን።